ጦሳ ሲጠቁር ቦርከናን አትሻገሩ፦ ከጎርፍ ስለማምለጥና ክረምትን ቤት ስለመዋል

ነሐሴ ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ደሴ ላይ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። እንዲያውም ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ልብሱን አስጥቷል፣ እኔም ሹራቤን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ከእህቴ ቤት እየተመለስኩ ነው። በድልድዩ ከዞርን 10 ደቂቃ ይፈጃል። የቦርከናን ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ ከተሻገርን 2 ደቂቃ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይዘልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ ተሻግሬዋለሁ!

መሃል ስንደርስ ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት ድንገት ሳፋዋን አቅፋ ተነሳችና "አንተ ሰውዬ! ውጣ! መጣ እኮ! ውጣ!" ብላ ጮኸች። ምኑ ነው የመጣው? ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ኮብልስቶን ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ። ልጄን በብብቷ አንጠልጥዬ ዳገቱን ወጣሁ፣ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ዞር ስል የቆምንበት ድንጋይ አይታይም። ቡናማ ውሃ፣ ቅርንጫፍ፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእንጨት በር። ከድምፁ እስከ ውሃው 20 ሰከንድ ቢሆን ነው። የልጄ አንድ እግር ጫማ ሄዷል፣ ሮዝ የላስቲክ ጫማ። ሌላ የጎደለን የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ ከዚያ በኋላ 3 ቀን ከቤት አልወጣም አለች። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ዋልኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በነዚያ ቀናት ነው። ግማሹ ያን ዕለት ባውቀው ኖሮ የምለው ነው፣ ግማሹ ደግሞ ዝናብ ቤት ሲያስቀምጣችሁ ቤቱን ራሱን አደጋ ሳታደርጉት እንዴት ደስ ብሏችሁ እንደምትውሉ።

ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ አትመኑ

የእኔ ስህተት ቀና ብዬ ሰማያዊ ሰማይ አይቼ "አይዘንብም" ማለቴ ነው። ማየት የነበረብኝ ከደሴ በላይ ወዳለው ወደ ጦሳ ተራራ ነበር። ጦሳ ጠቁሮ፣ ጫፉ በጉም ተሸፍኖ ነበር። እዚያ የዘነበው ነው እኛን ሊወስደን የመጣው። ደሴ ተራራ ከቧት የተቀመጠች ከተማ ናት። ነሐሴ ላይ ደግሞ አፈሩ ጠግቧል፣ ከዚህ በላይ አይመጥም። ቆርቆሮው፣ አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑ አንዲት ጠብታ አያስቀርም፣ ሁሉንም ወደ ቦይ ይልካል፣ ቦዩ ወደ ጅረት፣ ጅረቱ ወደ ቦርከና። መንገድ ላይ ላስቲክና ሌላ ቆሻሻ ከዘጋው ውሃው ለጥቂት ጊዜ ይጠራቀምና ቆሻሻውን ጥሶ በአንዴ ይለቀቃል። ለዚህ ነው ቀስ እያለ የማይሞላው፣ እንደ ግድግዳ የሚመጣው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ተጠንቀቁ። እናንተ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ እኛ 2,500 አካባቢ። እኛ ላይ የዘነበው ወደ እናንተ ነው የሚወርደው። ደሴ ያለ ዘመድ ደውሎ "እዚህ ዝናቡ አይጣል ነው" ካላችሁ ለወሬ ያህል ብቻ አትስሙት።

ወንዝ ዳር ስትሆኑ የምታዩት ነገር አለ። ጠርቶ የነበረ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ አረፋም ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ያለ ምክንያት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ያቺን ሰዓት ውጡ። ሳሙናው ይቅር። ልብሱም ይቅር። ያቺ ሴት ሳፋዋን ማቀፏ ራሱ ልክ አልነበረም፣ ግን ነፍሳችንን ያዳነች ሰው ስለሆነች ምንም አልላትም። ስትሮጡ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ ታች አይደለም፣ ውሃው ይቀድማችኋል። ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ። ከዚያም ቁጭ በሉ እንጂ "እስቲ ልየው" ብላችሁ ወደ ዳር አትመለሱ፣ ዳሩ ከሥር እየተቦረቦረ ስለሆነ ከነእናንተ ሊናድ ይችላል።

"ትንሽ ነው፣ እሻገረዋለሁ" የሚለው ነገር ነው ሰው የሚጨርሰው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። ይህ ከቁርጭምጭሚት ብዙም አይዘልም። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅማ ምን ትሆናለች? 60 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ይሄዳል። ደግሞም ደፍርሷል፣ ሥሩ መንገድ ይኑር ጉድጓድ አይታይም። የባጃጅ ሹፌር "አብሽር፣ ይሄን እኔ አውቀዋለሁ" ካላችሁ ሒሳቡን ከፍላችሁ ውረዱ። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፣ እስኪጎድል ቡና ቤት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ሰው ሲወሰድ ብታዩ ተከትላችሁ አትግቡ። ይህ ለእኛ ሰው ከባድ ምክር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛው ሰው ሲገባ ሁለት ሰው ነው የሚወሰደው። ረጅም እንጨት ዘርጉ፣ ገመድ ወርውሩ፣ ነጠላም ቢሆን ቋጥራችሁ ወርውሩ። ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጄሪካን ገመድ ጫፍ ላይ ቢታሰር ጥሩ መንሳፈፊያ ነው። ራሳችሁ ከወደቃችሁ ደግሞ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁን ውሃው ወደሚሄድበት አስቀድሙ። ድንጋዩን ከጭንቅላታችሁ በፊት እግራችሁ ያግኘው። ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም አትታገሉ፣ እግር ድንጋይ ሥር ከተያዘ አለቀ።

መብረቅ፦ ልጆቹ ይቁጠሩት

ልጄ ቤት በዋለችበት ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። ጉም፣ በረዶ፣ ከዚያ መብረቅ። አልጋ ሥር ልትገባ ስትል አንድ ጨዋታ አስተማርኳት፣ እናንተም ሞክሩት። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ አቁሙ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 9 ከቆጠራችሁ 3 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ከቆጠራችሁ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ እሱም ቢሆን ውጪ ላለ ሰው አደገኛ ርቀት ነው፣ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ልጄ እየቆጠረች "11!" "15!" ስትል ፍርሃቱ ወደ ሒሳብ ተቀየረ። ጥሩ የማካፈል ትምህርትም ነው፣ መምህሯ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ውጪ ከያዛችሁ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ አትሁኑ። በቆርቆሮ የተሸፈነ ማንኛውም መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ከዛፍ ይሻላል፣ በሸራ የተሸፈነ ባጃጅ ግን መጠለያ አይደለም። ቤት ውስጥም ቢሆን ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ አታውሩ፣ ዕቃ ማጠቡንም ሻወሩንም አቆዩት፣ መብረቅ በሽቦም በቧንቧም ይገባል። የዲሹን ገመድና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ደመናው ሲሰበሰብ ንቀሉ፣ ከጀመረ በኋላ አትነካኩ። እናቴ ግን እስካሁን ቀይ ልብስ ታስወልቀናለች፣ መብረቅ ይጠራል ትላለች። ቀለሙ ምንም አያመጣም፣ ቁመቱና ቦታው ነው የሚወስነው። ይህን ስነግራት "አንተ ደሞ አንዳንዴ ብታወልቀው ምን ትሆናለህ?" አለችኝ። አወለቅሁ።

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ንኩት። የማይተነፍስና የማይነቃ ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑት፣ አንዱ ሰው ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጥራ። አፈር ውስጥ መቅበር፣ ወተት መጋት የሚባለውን ተዉት።

ቤታችሁ ዳገት ሥር ከሆነ

ደሴ ላይ ዳገት ያልቆረጠ ቤት ስንት አለ? ቤት ስትውሉ የመጀመሪያው ሥራ በዝናብ መሃል ፋታ ሲገኝ አንድ ዙር ዞሮ ማየት ነው። ግድግዳ ላይ ወይም ጓሮው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ አለ? ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ እምቢ አለ? ባሕር ዛፉ ወይም የመብራት ምሰሶው ዘንበል ብሏል? ከዚህ በፊት ውሃ ከማይወጣበት ቦታ ምንጭ ፈለቀ? አንዱ ብቻ ቢታይ ለቀበሌ ተናገሩ፣ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ግን ማንንም ሳትጠብቁ ሌሊቱን ዘመድ ቤት እደሩ። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑንም ጻፉ፣ እየሰፋ መሆኑን በዓይን ግምት መናገር ያስቸግራል። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከቤቱ ጀርባ እንዳይጠራቀም ቦዩን ጥረጉ። አብዛኛው ናዳ የሚጀምረው መሄጃ ካጣ ውሃ ነው።

አንድ ቦታ ከተናደ ደግሞ ያው መሬት ሊደግም ይችላል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሁለተኛው መጣባቸው። ስለዚህ ቆፋሪ ሲገባ አንድ ሰው ከላይ ዳገቱን ብቻ እያየ ይቁም፣ ሥራው መጮህ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ቤት እንግባ

እቤት ስንደርስ እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ለልጄ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣቻት፣ ድንጋጤው እንዳይቀርባት ብላ። ከዚያ ከሰል አቀጣጠለች። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ያለ ማንደጃ አይዋልም። እዚህ ጋ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ከጎርፉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጎርፍ ይጮኻል። ከሰል አይጮህም።

"ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ ምንም አይልም" የሚባለው ውሸት ነው። የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላው ፍም በደንብ ይወጣል፣ አመድ ከለበሰው ረመጥም ይወጣል። እጣኑ ደግሞ ቤቱን ስለሚያውደው አየሩ ጥሩ ይመስላችኋል። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ቤት ሲገባ በርና መስኮት በተቃራኒ በኩል ትንሽ ትንሽ ይከፈት። አንዱ ብቻ አይበቃም፣ አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል። ይበርዳል፣ አዎ። ጋቢ ጨምሩ። ልትተኙ ስትሉ ማንደጃው ይውጣ፣ "ትንሽ ነው የቀረው" የሚባል ነገር የለም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ጉንፋን አይደለም። ጉንፋን ሁሉንም በአንድ ሰዓት አይዝም። ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሎሚም ወተትም ይህን አያወጣም፣ ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው መድኃኒቱ።

ቀጥሎ ውሃ። ከጎርፍ በኋላ ቧንቧው ደፍርሶ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። የደፈረሰውን አስቀምጡት፣ ሲጠልል ከላይ ቀድታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉና አፍሉ። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለ ሰው መንተክተክ ከጀመረ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ደሴ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ባቄላችን ከእናንተ ባቄላ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ነው፣ እናቴ ስንት ዓመት ሙሉ "የዚህ አገር ከሰል እሳት የለውም" ስትል ኖራለች። ንፍሮ ካሰባችሁ ማታውኑ ዘፍዝፋችሁ እደሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ፀጥታው የሚመጣው። መብራት ጠፍቷል፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ ስልኩ ባትሪ የለውም። እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ግማሽ ቀን አሰልቺ ነው። በዚህ አትሸበሩ፣ ያልፋል። እኛ የገብስ ቆሎ ቆላን፣ በቆሎ ጠበስን፣ አቦሉ ወጣ፣ ቶናው ላይ የግቢው ሀጂ ጃንጥላቸውን አራግፈው ገቡ። በረካው ላይ ልጄ ወሬውን ጀመረች።

ስለዚህ ወሬ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ተሳስቼ ነበር። የደነገጠ ልጅ ያየውን ደጋግሞ ያወራል። እኔ "በቃ፣ እርሺው፣ አለፈ" እላት ነበር። ሀጂ "ተዋት፣ ታውራ" አሉኝና ራሳቸው ይጠይቋት ጀመር። ውሃው ምን ዓይነት ነበር? በሩ ቁልፍ ነበረው? አባትሽ ፈራ? "በጣም!" አለች። አልካድኩም። አምስት ስድስት ጊዜ ከተወራ በኋላ ታሪኩ የእሷ ሆነ፣ ሳቅ ያለበት ቦታም አገኘች። አትፍሪ አትበሏት፣ ለምን ፈራሽ ብላችሁም አትቆጡ። ሌሊት ብትባንን ወይ አልጋ ብታረጥብ ለጥቂት ቀናት የተለመደ ነው። ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቃት ግን ባለሙያ አማክሩ።

ለጨዋታ ብዙ አይፈለግም። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠን 2 ረድፍ ባለ 6 ጉድጓድ ገበጣ ሠራን፣ በየጉድጓዱ 4 ሽምብራ። ሕጉ በየሰፈሩ ስለሚለያይ የእናቴ ሕግ ጸና፣ እናቴም አሸነፈች፣ ይገርማል። ማታ ማታ እንቆቅልሽ። ልጄ ራሷ አንድ ፈጠረች፦ "ሳትራመድ አፋር የገባች?" ማንም አላወቀም። "አገር ስጡኝ!" ብላ ሐይቅ ከተማን ከነሐይቁ ወሰደች። መልሱ ጫማዋ ነበር።

ይህን ያለችው ከሰዓቱን ሙሉ ካርታ ስንሥል ስለዋልን ነው። ውሃ ወስዶት የቀረ ነገር ካለ ይህን ከልጆች ጋር ሥሩት። ጫማው ከደሴ ተነስቶ በዶሮ መዝለያ ገደል ወረደ፣ ኮምቦልቻን አለፈ፣ ከሚሴ አካባቢ ጨፋ ሜዳ ላይ ከከብቶች ጋር ተገናኘ፣ ከዚያ አዋሽ ገባ። አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ልጄ መጨረሻው ላይ ጫማውን ያገኘች አንዲት የአፋር ልጅ ሣለች።

ሲበቃችሁ ወደ ውጪ መልሷት። በአንዴ አይደለም። እኛ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ቡና ጠጣን፣ በአራተኛው ቀን ሱቅ ድረስ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ድልድዩ። ጠዋት ምረጡ፣ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚበረታው። ከላይ ሆናችሁ ውሃውን እዩት፣ እጇን ያዙ፣ ዝም በሉ። ዘወር ብዬ ጦሳን አየሁ፣ ጠርቷል። ቦርከና ተመልሶ ቁርጭምጭሚት አክሎ ነበር።

ልጄ ሹራቧ ሥር እጇን ከተተችና የቀረውን አንድ እግር ሮዝ ጫማ አወጣች። ምን ልታደርጊ ነው ሳልላት ወደ ውሃው ወረወረችው። "አንድ እግር ብቻ ምን ታደርግበታለች?" አለችኝ።

ቦዩን የሚዘጋው እንዲህ ያለ ላስቲክ መሆኑን ከላይ ጽፌያለሁ። ያን ጠዋት ግን አልተናገርኩም።